ሰዓት ጠብቆ የሚያፈስ ቧንቧ

ይህ የደረሰው ባለፈው ታኅሣሥ፣ እዚህ ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ባለ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም። የሰው እናት በእኔ ብልሃት ምክንያት በፈላ ውሃ ልትቃጠል ለጥቂት ነው የተረፈችው።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሲያትል ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሃያ ስድስቱን ዓመት በአንድ ትልቅ አፓርትመንት ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። ቦይለር የሚባለውን፣ ውሃ አሙቆ በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች የሚልከውን የብረት አውሬ ማንም አላስተማረኝም። ማኑዋሉን በአንድ እጄ፣ መዝገበ ቃላቱን በሌላው ይዤ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ላይሰንስ ያላቸው ሰዎች «ሞቷል» ብለው ጥለውት የሄዱትን ቦይለር አስነስቻለሁ፤ አንድ ሳይሆን ብዙ። በሬኒየር ቫሊ ዙሪያ የአሮጌ ቤት ማሞቂያ የተበላሸበት አበሻ ማንን ነው የሚጠራው ብላችሁ ብትጠይቁ ስሜን ትሰማላችሁ። ጋሽ አበራ ይሏችኋል። ጉራ ነው የሚል ካለ ቦይለሩን ይዞ ይምጣ።

ነስሩ የደወለልኝ ዓርብ ዕለት ነው። ነስሩ የስልጤ ልጅ ነው፤ ኤቨረት ከተማ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲያወራ ግን አማርኛውና እንግሊዝኛው አንድ ላይ ነው የሚፈሰው።

«ጋሼ፣ ቦይለራችን ሊክ ያደርጋል። ፕሬሸሩ በየቀኑ ድሮፕ ያደርጋል፣ የላይኛው ፎቅ ራዲያተሮች ይቀዘቅዛሉ። ሶ፣ አንድ ካምፓኒ ጠርቼ ሦስት ሰው ልኮልኝ ነበር፤ ቧንቧው ከኮንክሪቱ ሥር ነው የተበሳው፣ ወለሉ መፈንቀል አለበት አሉኝ። ረቡዕ ሊጀምሩ ነው።»

«የትኛው ወለል?»

«የቤዝመንቱ። የእናቴ ክፍል።»

እናቱን፣ እማማ ሸምሲያን፣ ከአገር ያመጣቸው መስከረም ላይ ነው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም፤ ደረታቸውም ብርድ አይችልም። ስለዚህ ከመሬት በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ፣ ከቦይለሩ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ክፍል ሰጣቸው። ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው። ወለሉ ከተፈነቀለ እማማ በዚያ ብርድ የት ይሄዳሉ? ላይኛው ፎቅ ቀዝቃዛ ነው፤ ደረጃውም አሥራ ሦስት ነው። ያለፈው ወር ሳል ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ነስሩን ያስጨነቀው ይሄ ነው።

«ረቡዕ ማንም ወለል አይነካም» አልኩት። «እኔ ነገ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። እማማ ሸምሲያ ከክፍላቸው ወጥተው በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ቀጭን፣ አጭር፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ ሴት ናቸው። በግራ ጆሯቸው ስለማይሰሙ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ነው የሚያዳምጡት።

«አንተ ደግሞ አራተኛው ነህ» አሉኝ። «ሁሉም ይመጣና እንዲህ እያለ ያየዋል» ብለው አንገታቸውን እንደ ሐኪም ወደ ጎን አጋደሉ። «ከዚያ መዶሻ ያነሳል።»

«እማማ፣ እኔ መዶሻ አልያዝኩም።»

«እስኪ እናያለን።»

የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ፤ ይህን በየትኛውም ትምህርት ቤት አያስተምሩም። ቧንቧና ቧንቧ የሚገናኝበትን ቦታ ሁሉ በለስላሳ ወረቀት እጠቀልላለሁ። አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ወረቀቱ ይነግረኛል። በሦስቱም ፎቅ ላይ ያሉትን ራዲያተሮች እንዲህ ጠቀለልኳቸው። የቀረኝ የእማማ ክፍል ብቻ ነበር።

እዚያ አልገባሁም። የማይታወቅ ሽማግሌ ወደ አንዲት ትልቅ እስላም ሴት መኝታ ክፍል ዘው አይልም። እሳቸውም ግባ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ለነስሩ ሰጠሁትና ጠቅልሎ መጣ። ከሰዓታት በኋላ ገብቶ አየና «ደረቅ ነው ጋሼ» አለኝ። ሌሎቹም ሁሉ ደረቅ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በራሴ ዓይን ያላየሁትን ነገር አምኜ አላውቅም ነበር። ያችን አንዲት ክፍል ግን በሰው ዓይን አየኋት።

ከመሄዴ በፊት ከቦይለሩ ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ። ለዓመታት በብረት ውስጥ ሲዞር የኖረ ውሃ ጥቁር መሆን አለበት፣ ይሸታልም። ይሄ ግን ከምንጭ የተቀዳ ይመስል ነበር። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቼ ብዙ ቆየሁ። ይህ ማለት የድሮው ውሃ ወጥቶ አልቋል፤ በምትኩ ከከተማው መስመር አዲስ ውሃ እየገባ ነው። ስለዚህ የሚወጣው ጠብታ አይደለም፤ በጆግ የሚለካ ውሃ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ወጥቶ ደግሞ አንድም ቦታ እርጥበት የለም። ምናልባት ካምፓኒው ልክ ይሆን? ከኮንክሪቱ ሥር ይሆን? እንዲህ ብዬ እንዳሰብኩ ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ተመለስኩ። ከከተማው መስመር ወደ ቦይለሩ ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ዘጋሁትና ከግፊት መለኪያው ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ውሃ የማይጨመር ከሆነ የጎደለው ሁሉ በመርፌው ላይ ይታያል። በየግማሽ ሰዓቱ ወረቀት ላይ መዘገብኩ። ሰዓቱን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከዘጠኝ ሰዓት እስከ እኩለ ቀን መርፌው አሥራ አምስት ላይ ተተክሎ ቀረ። እኔም ተተከልኩ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሳየው መርፌው አሥራ ሁለት ላይ ነበር። ከዚያ እንደገና ቆመ። ከሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ እንዳለ ዘጠኝ ሆነ። ቆመ። አራት ተኩል ላይ ስድስት።

እንዲህ ያለ ሊክ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የተበሳ ቧንቧ ሌት ተቀን ያፈስሳል እንጂ ሰዓት እየጠበቀ ከፈት ዘጋ አይልም። የነስሩ ሚስት ዘሃራ ሻይ ይዛልኝ ስትወርድ ወረቀቱን አሳየኋት።

«ጋሼ፣ ይሄማ ሰው ነው የሚመስለው» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። ደጋግሜ ሳስበው የሚያናድደኝ አንዱ ይህ ነው። ልጅቷ በጨዋታ መልሱን ሰጥታኝ ነበር።

ያን ማታ የራሴን መልስ አገኘሁ ብዬ ተኛሁ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ስለዚህ አንድ ስንጥቅ አለ፣ ሙቀቱ አንድ ደረጃ ሲደርስ ብቻ የሚከፈት። ነስሩ ቦይለሩን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያነደው፤ ራዲያተሮቹ ለብ ከማለት አያልፉም። ሙቀቱንና ግፊቱን በአንድ ላይ ከፍ ካደረግኩት ስንጥቁ መደበቂያ ያጣል፤ ያለበት ቦታ ይፈነዳና ራሱ ይጠራኛል። ይህን ዘዴ እኔው ነኝ የፈጠርኩት። ኮንክሪት ከመስበር በፊት የቀረኝ አንድ ቀን ነበር፤ ማክሰኞ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰማዩ እንደ ልማዱ ጠቁሮ ይዘንባል። ነስሩ ሥራ ላይ ነው። ዘሃራ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ስትወጣ «እማማ ጋደም ብለዋል» አለችኝ። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሳቸው ነን፤ በመካከላችን አንድ ግድግዳ።

ሙቀቱን ውሃ ሊፈላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከፍ አደረግኩት። የመሙያውን ቫልቭ ከፍቼ ግፊቱን ሃያ አምስት አደረስኩት። ሠላሳ ላይ ሲደርስ የደኅንነት ቫልቩ ይከፈታል፤ ስለዚህ አንድ እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። እሳቱ ማጓራት ጀመረ። ቧንቧዎቹ በየግድግዳው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ። የቤቱ እንጨት ሁሉ ይንቋቋል። ራዲያተሮቹን እየዞርኩ ነካሁ፤ እጅ አያስቀምጡም። ወረቀቶቼን አየሁ። ደረቅ። ተመልሼ መርፌው ፊት ተቀመጥኩ። ሃያ አምስት። አልነቃነቅ አለ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ከሩብ።

ስልኬ ጮኸ። ነስሩ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው? አገኙት?»

«ገና ነው። ዛሬ ግን አያመልጠኝም።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ብሬክ ላይ ነኝ፣ መግሪብ ስለደረሰ ቶሎ ልስገድና መልሼ ኮል አደርግልዎታለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። እኔ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም። ዓይኔ የሰኞው ወረቀት ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ተኩል። ሁለት ሰዓት። አራት ተኩል። በሲያትል ክረምት ቀኑ አጭር ነው፤ ሶላቱም ይቀራረባል። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩት ሶማሌዎች ዕቃቸውን አስቀምጠው የሚሄዱበትን ሰዓት ለሃያ ስድስት ዓመት አይቻለሁ። ከመስገዳቸው በፊት ምን እንደሚያደርጉም አውቃለሁ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን ይታጠባሉ።

ቤዝመንቱ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ብቻ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ከላይ ነው፣ አሥራ ሦስት ደረጃ ወጥቶ። እማማ ሸምሲያ ደግሞ ደረጃ ሲወጡ አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም።

ማጥፊያውን መታሁት። እሳቱ ጠፋ፤ ግን ምን ይጠቅማል፣ የጋለው ውሃ አሁን እሳቸው ክፍል ደርሷል። ከግድግዳው ወዲያ በርጩማ ሲጎተት ሰማሁ።

በሩ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ልብ አድርጉ፣ ቆምኩ። ሴትየዋ ለውዱእ ተዘጋጅተዋል፤ ራሳቸው ተገልጦ፣ እጅጌያቸው ተሰብስቦ ይሆናል። አንኳኳሁ።

«እማማ! እማማ ሸምሲያ! ውሃውን እንዳይነኩ!»

መልስ የለም። ያ የማይሰማው ጆሯቸው ነው። በሩን በጡጫ መታሁት። ከውስጥ ዝገት የያዘው ብረት ሲዞር የሚያሰማውን ጩኸት ሰማሁ፤ ያን ድምፅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ራዲያተሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከራዲያተሩ ጎን፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ያለች አንዲት የናስ ቧንቧ አለች፤ የድሮዎቹ ባለቤቶች ውሃ ማፍሰሻ እንድትሆን የተከሏት። መክፈቻዋ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ከሥሯ ተደቅኗል። ቀኝ እጃቸው መክፈቻው ላይ፣ ግራ እጃቸው ማንቆርቆሪያው ላይ፣ ፊታቸው ወደ ውሃው ጎንበስ ብሏል።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። እሳቸውን መንካት አልቻልኩም፤ ወይም እጄ እምቢ አለኝ። የበርጩማውን እግር ይዤ እንደተቀመጡ ወደ ኋላ ሳብኩት። በዚያችው ቅጽበት እንፋሎት የቀላቀለው ውሃ ማንቆርቆሪያው ላይ ነጥሮ፣ ፊታቸው በነበረበት ቦታ አልፎ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ማንቆርቆሪያው ተጣመመ። ጃኬቴን አውልቄ ቧንቧዋ ላይ ጣልኩና መክፈቻውን አሽከረከርኩት። እጄ ተቃጠለ። ዞሮ ተዘጋ።

ክፍሉ በጉም ተሞላ። እማማ ሸምሲያ በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ፣ ክፍሉ መሃል፣ ሻሻቸውን ፈልገው ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«አንተ ሰውዬ! ሰው ክፍል እንዲህ ነው የሚገባው?»

«እማማ፣ ውሃው...»

«ውሃው ምን ሆነ?» አሉና ግድግዳውን አዩ። ከዚያ እጄን አዩ። ቀደም ብለው ቀድተውት የቀዘቀዘ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገባቸው ነበር። ክንዴን ያዙና እጄን እስከ አንጓዬ ባልዲው ውስጥ ነከሩት። ይዘውትም ቆዩ። እኔ እንዳልነካቸው የተጨነቅኩላቸው ሴት አጥብቀው ይዘውኝ ነበር።

«ከዚች ነው የሚቀዱት?» አልኳቸው።

«ከየት ልቅዳ ታዲያ? ነስሩ በስልክ ‘እናቴ፣ ቤታችን የሚሞቀው በሙቅ ውሃ ነው፣ በየክፍሉ ሙቅ ውሃ አለ’ ሲለኝ አልነበር? ስመጣ ጥቁር ነበር። እየቀዳሁ እየደፋሁ አጠራሁት።»

ወንበር አጣሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወር ሙሉ አራት ሰው ያጣው ሊክ እሳቸው ነበሩ። ነስሩም ያችን ቧንቧ አይቷታል፤ ግን ሰዓት ጠብቃ የምትከፈት መሆኗን ማን ይጠረጥራል? በወረቀት ጠቅልሏት ነበር። እማማ ደግሞ እርጥቡን ወረቀት ጥለው በደረቅ ይለውጡት ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጁ ለንጽሕና ብሎ አድርጎት እንደሆነ ብዬ» አሉኝ።

«አሁን መግሪብ ሊያልፈኝ ነው» አሉ። «ባልዲውን አንተ ይዘኸዋል።»

አሥራ ሦስቱን ደረጃ ወጣሁ። ከመታጠቢያ ቤቱ ለብ ያለ ውሃ በሌላ ጆግ ቀድቼ፣ በደህናው እጄ ይዤ ወረድኩ። በሩ ላይ አስቀምጬላቸው ዘጋሁ። ሰግደው እስኪጨርሱ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ሲወጡ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትናንት ለብ ያለ ነበር። ከትናንት ወዲያም። ዛሬ ምን ሆኖ ፈላ?»

በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በስተቀር መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። መዋሸት እችል ነበር፤ ስለ ቦይለር ብዋሽ ማን ያውቅብኛል?

«እኔ ነኝ ያፈላሁት» አልኳቸው። «ሊኩን ላስወጣው ብዬ። እርስዎ ክፍል ምን እንዳለ ሳላይ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ አልነበረበትም። «ስምንት ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉ። «የስንቱን ጥፋት ለአባታቸው ሳልናገር አስቀርቻለሁ መሰለህ። ሊረዳን የመጣ ሰው ከቤቴ ጥፋተኛ ተብሎ አይወጣም። ይህን ለነስሩ አትንገረው።»

ነስሩ ማታ መጣ። እማማ ቀድመውኝ ተናገሩ። ከዚያች ቧንቧ ሲቀዱ እንደነበረ፣ ቤቱን ሁሉ ያስጨነቁት እሳቸው እንደሆኑ፣ ዛሬ ውሃው ድንገት ሲግል እኔ ደርሼ እንዳዳንኳቸው። ስለ እኔ ስህተት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ነስሩ እናቱን አቅፎ አለቀሰ፤ ከዚያ እኔን አቀፈ። እኔም ዝም አልኩ።

ረቡዕ ማንም ወለል አልሰበረም። ያችን ቧንቧ ቆርጬ ደፈንኳት። እማማ ክፍል ውስጥ ትንሽ ገንዳና ሙቀቱ ከልክ የማያልፍ የውሃ ማሞቂያ ራሴ ተከልኩላቸው። ይሄን ጊዜ ከመግባቴ በፊት አስፈቅጄ፣ በሩን ከፍቼ፣ ከተማውን የሚያስንቅ ሥራ ሠራሁ። መርፌው እስከ ዛሬ አሥራ አምስት ላይ ነው።

ነስሩ ግን ወሬውን መስጊዱንም ግሮሰሪውንም አዳረሰው። ሬኒየር መንገድ ላይ ስሄድ የማላውቃቸው ሰዎች ያቆሙኛል። «የነስሩን እናት ያዳኑት እርስዎ ነዎት?» ይሉኛል። ዱዓ ያደርጉልኛል። እውነቱን ለመናገር ለሁለት ወር ጣፍጦኝ ነበር፤ ተረኩን አሳምሬም አውርቼዋለሁ። ከእጄ በላይ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነገር እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሌሊት ስነቃ የሚመጣብኝ የዳነው ፊታቸው አይደለም። ወደ ውሃው ጎንበስ ያለው ፊታቸው ነው።

ባለፈው ሳምንት እማማ ሸምሲያን ላያቸው ሄጄ፣ ይህን ልጽፈው እንደሆነ ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ነስሩ ያነበዋል?» አሉ።

«ያነበዋል።»

«ቢቆጣህ እኔ ጋ ላከው» አሉኝ።

በቦይለር ዛሬም የሚበልጠኝ የለም። ነስሩ፣ ውሃውን ያፈላሁት እኔ ነኝ።